በካሜራ ፊት ብድግ ያለች ልጅ

ሞርሲቶ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ናይሮቢ ለምትኖሪው ለእህቴ ልጅ ለጵርስቅላ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔም ሚስቴ ትርፊትም ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሎኛል፤ ሞርሲቶ ውስጥ ደረጃ ያለው ቤት ስለሌለ ግን ተስማምተን እንኖራለን። ስልክ ብደውልልሽ "ደህና ናችሁ?" "ደህና ነን" ስንባባል ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ጡረታ የወጣ አስተማሪ የሚያውቀውን አደረግሁ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳሁ።

ጉዳዩ የልጄ የሮማን ነው። ሆመቾ ጤና ጣቢያ አራት ዓመት በኮንትራት እንደሠራች ታውቂያለሽ። ኮንትራቱ በታኅሣሥ ያልቃል፤ አይታደስም ተብሏል። ታዲያ አንድ የውጭ ድርጅት በሀዲያና በከምባታ ገጠር የተጎዱ ሕፃናትን ምግብ የሚከታተል አስተባባሪ ይፈልጋል ሲባል አመለከተች። ከመቶ ምናምን ሰው ስምንቱ ለቃለ መጠይቅ ተመረጡ፤ አንዷ እሷ። ቃለ መጠይቁ በኮምፒውተር፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ነው አሏት። ሞርሲቶ ላይ ኔትወርኩ ስለማያስተማምን ሆሳዕና ሙክታር ኢንተርኔት ቤት ወሰድኳት። ያንን አንቺ የላክሽልኝን ቡናማ ኮት ለብሼ ከኋላዋ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አባት አላት ለማለት ነው።

መጀመሪያ ሁለት ወጣቶች ጠየቋት። ልጅቷ መለሰች፣ ደግሞም አሳምራ መለሰች። እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል። የእናቶቹን ነገር፣ የሕፃናቱን ክሳት የሚያሳየውን የክንድ መለኪያ፣ ለምን ባሎቹን ጭምር ማስተማር እንደሚያስፈልግ ስትናገር እኔ ራሴ ብዙ ተማርኩ። አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄደ ፀጉራቸው በሙሉ የሸበተ ትልቅ ሰው መጡና በመካከላቸው ተቀመጡ፤ አለቃቸው መሆናቸው ነው። ሮማን ብድግ አለች። እኔም ከኋላ ብድግ አልኩ። ተቀመጡ እስኪሉን ጠበቅን። አላሉንም። እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ፣ አንዱ የሳቀ መሰለኝ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ጠቆረ። መስመሩ ተቆረጠ ስንል ሙክታር መጥቶ አየና "ኧረ ጋሼ መስመሩ አልተቆረጠም" አለን።

በሳምንቱ አልተመረጥሽም የሚል ኢሜይል መጣ። ለምን ብላ ብትጠይቅ በአንድ መስመር መለሱላት፤ "በራስ መተማመን ይጎድልሻል፤ ጥያቄው ሳያልቅ ተነስተሽ ሄድሽ።" ተነስታ ሄደች? ካለችበት ስንዝር አልተነቃነቀችም።

አንቺ ሰው የሚቀጥር መሥሪያ ቤት ነው የምትሠሪው። አማልጂኝ አላልኩም፤ አማላጅ ፈልጌ አላውቅም። የት ላይ እንደተሳሳተች ብቻ ንገሪኝ። ትርፊት ከጎኔ ሆና "ሰው ካላት ትናገርልን በላት" ትላለች። አልጻፍኩትም በያት።

እመቤታችን ትጠብቅሽ።

አጎትሽ ሽፈራው


ናይሮቢ፣ ኅዳር 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሽፈራው፣

እጅግ ናፍቀውኛል። እትዬ ትርፊት እንዴት ናቸው? ጉልበትዎን ቅቤ ይቀቡት፤ ቀዝቃዛ ውሃ አያስነኩት። እኔ ሥራ ከመብዛቱ በስተቀር ደህና ነኝ። መልሴ የዘገየው በሥራው ነው።

የሮማንን ነገር ሰምቼ በጣም አዘንኩ። በዚህ ዓይነት ቃለ መጠይቅ ሰዎች የሚያዩት ብዙ ነገር ነው። ካሜራውን ማየት ያስፈልጋል፤ ዓይን የሰበረ ሰው የፈራ ይመስላቸዋል። ቶሎ መመለስ ያስፈልጋል፤ አስቦ የሚናገር ሰው የማያውቅ ይመስላቸዋል። ብርሃን ከፊት ቢሆን፣ ከኋላም ሰው ባይኖር ይመረጣል። እነዚህን ለሌላ ጊዜ ትያዛቸው። ሌላ ዕድል አይጠፋም፤ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

ብርዱ በርትቷል ብላ ጎረቤታችሁ ሂሩት ስልክ ላይ ነግራኛለች። ኮቱን ይልበሱት። ሦስተኛዋን ቁልፍ ግን እትዬ ትርፊት ይስፉልዎት፤ በዚያ በኩል ብርዱ ደረትዎን ይመታዎታል።

ሁላችሁንም ፈጣሪ በጤና ያቆይልኝ።

ልጅዎ ጵርስቅላ


ሞርሲቶ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለጵርስቅላ፣

ሰላምታችን ካለንበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምክርሽ መልካም ነው። ሮማንም አነበበችውና "ይሄን ማድረግ የሚችል ሰው እናቶቹ ቤት ገብቶ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል ወይ?" ብላ ሄደች። ኮንትራቱ አልቋል። አሁን ቤት ናት። ከትናንት በስቲያ ፎቶ ተነስታ መጣች፤ ለፓስፖርት ነው። ጤና መኮንን ሆና ባሕር ማዶ የሰው ቤት ልትጠርግ ነው። ደላላው ሁለት ጊዜ ደጃችን መጥቷል፤ ሁለተኛውን ጊዜ ትርፊት በመጥረጊያ አባረረችው። ልጅቷን ግን በመጥረጊያ ማስቀረት አይቻልም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የኮቱ ሦስተኛ ቁልፍ የወለቀችው በቃለ መጠይቁ ቀን ጠዋት፣ ሚኒባስ ስንሳፈር ነው። ከዚያ ወዲህ ኮቱን ለብሼ አልወጣሁም፤ ሳጥን ውስጥ ነው። ስለ ቁልፉ ለሂሩት ቀርቶ ለትርፊትም አልነገርኳትም፤ ትቆጣኛለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ። ሁለት የታወቁ ነገሮች ካሉ ሦስተኛውን ማግኘት ልማዴ ነው።

የተማሪ ወረቀት ሳርም ስም ያለበትን ጥግ አጥፌ በስፒል እይዘው እንደነበር አትረሺም። ሰባተኛ ክፍል ሆነሽ እኛ ቤት ስትኖሪ ስፒሉን የምትሰኪልኝ አንቺ ነበርሽ። "ጋሼ፣ ስሙን ለምን ይደብቁታል?" ብለሽ ስትጠይቂኝ "እኔ ሰው ስለሆንኩ ነው" ብዬሻለሁ።

አልከስሽም። እጠይቅሻለሁ።

አጎትሽ ሽፈራው


ናይሮቢ፣ የካቲት 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አምስት ሳምንት ሆነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ዛሬ የማልቀደውን እጽፋለሁ።

አዎ፣ እዚያ ነበርኩ። ድርጅቱ ሠራተኛ የሚመርጠው በእኛ መሥሪያ ቤት በኩል ነው። እዚያው ክፍል፣ ካሜራው የማያገኘው ጥግ ላይ ተቀምጬ ነጥብ የምመዘግበው እኔ ነበርኩ። የሮማንን ስም ዝርዝሩ ላይ ያየሁት ከቃለ መጠይቁ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። "ዘመዴ ናት፤ ሌላ ሰው ይመዝግብ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ባለፈው ዓመት አንድ ባልደረባችን የአገሩን ልጅ አስገባ ተብሎ ሲባረር አይቻለሁና፣ አፌን ከዘጋሁ ማንም አያውቅብኝም ብዬ አሰብኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ።

ሮማን ጥሩ ነበረች ጋሼ። እርስዎ እንዳሉት ነው። ሽበታሙ ሰውዬ ሲገባ ፊቷ ከኮምፒውተሩ መስኮት ጠፋና ቀሚሷ መጣ። የኮምፒውተሩ ካሜራ ሰው ሲቆም ተከትሎ ቀና አይልም፤ ያየው ወገቧን ብቻ ነው። ከኋላዋ ደግሞ ያ ቡናማ ኮት መጣ። ሦስተኛው ቁልፍ አልነበረም። ሰውዬው "የት ሄደች?" አለ። ከወጣቶቹ አንዱ ሳቀና "ተነስታ ሄደች" አለ። ጠበቁ። እናንተም ቆማችሁ ትጠብቁ ነበር። ያን ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ ነገሩን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር፤ "አክብራዎት ነው የቆመችው፤ ተቀመጪ ይበሏት።" አልተናገርኩም። መስመሩን ዘጉት። "በራስ መተማመን፣ ሁለት ከሃያ" አሉኝ፤ በእጄ ጻፍኩት።

እነሱ አላወቁም። እኔ ግን ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ማለትን እርስዎ ቤት ነው የተማርኩት። አላዳላሁም እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ያ ቁልፍ የሌለው ኮት ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

ይቅርታ ለመጠየቅ አፌ አልደፈረም። ለሮማን የሚነግሯት እርስዎ ይሁኑ፣ ወይም ይተዉት። እንዳሉኝ አደርጋለሁ።

ጵርስቅላ


ሞርሲቶ፣ መጋቢት 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለጵርስቅላ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ተናድጄ ከቤት ወጥቼ እስከ ገበያው ሄድኩ፤ ከገበያው እስከ ወንዙ ሄድኩ። ጉልበቴ ሲያመኝ ተመለስኩ። በሁለተኛው ቀን ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ሮማን ስድስተኛ ክፍል እኔው ጋ ነው ሂሳብ የተማረችው። ጥጉን ባጥፈውም የልጄን ሰባት ቁጥር አውቀዋለሁ፤ ወገቡ ላይ ትሰርዘዋለች። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ አንድ መልሷ ትክክል ሆኖ ሳለ "አሠራሩን አላሳየችም" ብዬ ሦስት ነጥብ ቀነስኩባት። ለሌላ ልጅ ቢሆን አልቀንስም ነበር። አንደኛ የነበረችው ሁለተኛ ወጣች። ርዕሰ መምህሩ በሰው ፊት "ሽፈራው ለልጁ እንኳ አያዳላም" ብለው አመሰገኑኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ። ለዘመድ መጨመር ስርቆት ነው፤ ከዘመድ መቀነስም ስርቆት ነው። ሁለተኛው የሚከፋው የሚያስመሰግን በመሆኑ ነው።

ያንቺንም የእኔንም ለሮማን ነገርኳት። ስላንቺ ስነግራት "ፈርታ ነው" አለች። ስለ ሦስቱ ነጥብ ስነግራት ግን "አውቅ ነበር አባዬ" አለችኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር ማለት ነው።

አሁን ስሚኝ። ለሮማን ብለሽ አንዲት ነገር እንዳትለምኚ። ለስምንቱም ሰው የሚሆን ነገር አድርጊ፣ ወይም አታድርጊ። አባቶቻችን "ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል" ነው ያሉት። ከአቀማመጥ ይፈረዳል አላሉም። አለቃሽ ዘንድ ሂጂና እውነቱን ተናገሪ፤ ዘመዴ ናት በይ፤ ወንበሩንም ለቀሽላቸው ውጪ። ከዚያ ጥጉን እንዲያጥፉት ንገሪያቸው። እንዴት እንደሚታጠፍ ታውቂያለሽ።

ሮማን ፓስፖርቱን እስከ ግንቦት አላነሳም ብላለች። ከዚያ በላይ አልጠብቅም ብላለች ደግሞ።

ይቅርታውን ተቀብያለሁ። ትርፊት ግን ገና ናት፤ አንድ ሁለት ወር ስጫት።

አጎትሽ ሽፈራው


ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለእትዬ ትርፊት፣ ለሮማንም፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ።

አለቃዬ ሙምቢ የምትባል ኬንያዊት ናት፤ ቀልድ አታውቅም። ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። "ለምንድን ነው የቆመችው?" አለችኝ። በቃል ማስረዳት ሲያቅተኝ "አሁን እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ሆኜ ልግባ" አልኳትና ወጥቼ በሩን ዘጋሁ። ገባሁ። ሳታስበው ከወንበሯ ከፍ አለችና መሐል ላይ ቆመች። "አያቴ ሲገቡ እንዲህ ነበር የምናደርገው" አለችና ቁጭ አለች። ቀጥላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ይገባኛል። ከዚያ ፋይልም አነሳችኝ፤ ከእንግዲህ ስለዚህ ሥራ የማውቀው ነገር አይኖርም።

ቦታው ግን ባዶ ነው። "በራስ መተማመን፣ ሃያ ከሃያ" የተሰጠው ሰው የሀቢቾን የገጠር መንገድ በዝናብ ካየ በኋላ በሳምንቱ ለቆ ሄዷል። ስለዚህ ከእሱ በቀር ሰባቱም እንደገና ይጠየቃሉ። ካሜራ የለም፤ ድምፅ ብቻ። ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ። ሦስት ሰዎች በየቦታቸው ሆነው ሰምተው ሳይመካከሩ ነጥብ ይሰጣሉ። መብራት ወይ መስመር የሄደበት ሰው በሌላ ቀን ይደገምለታል። የዓይንና የአቀማመጥ ነጥብ ተሰርዟል። ይህን ለነጥብ ሰጪዎቹ ስታስረዳ ሙምቢ ወረቀት አጥፋ ስፒል ስትሰካ አይቻለሁ።

ለሮማን ቀኑን በኢሜይል ይጽፉላታል። ከእኔ ምንም እንዳትጠብቁ። ሰላም ካለችኝ ይበቃኛል።

ልጅዎ ጵርስቅላ


ሞርሲቶ፣ ግንቦት 15 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለጵርስቅላ፣

ነገ ምርጫ ስለሆነ ፖስታ ቤት ሰው የለም ብለውኛል፤ ቢሆንም እጽፋለሁ። ሮማን ማክሰኞ ዕለት ተጠየቀች። እንዳልገባ ከልክላኝ ከሙክታር ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በመስኮቱ አየኋት። አርባ ደቂቃ ሙሉ ቆማ ነው የተናገረችው፤ የሚያያት የለም። እጇን እያወራጨች፣ እናቶቹን የምታስተምር ይመስል ነበር። ስትወጣ "እንዴት ነበር?" ብላት "ሰሙኝ" አለች።

ውጤት የለም።

ሽፈራው


ናይሮቢ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

በእግዚአብሔር ስም ደህና ናችሁ? ከግንቦት ወዲህ አንዲት ቃል አልሰማሁም። መሥሪያ ቤት መጠየቅ አይፈቀድልኝም፤ እኔም አልጠይቅም ብያለሁ። ስልክ ስደውል ዝናቡ ይሁን ምን፣ አይገባም። ትናንት አየር መንገድ ቢሮ አጠገብ ፓስፖርት የያዙ የእኛን አገር ሴቶች አየሁ። ከመካከላቸው ሮማን ትኖር ይሆን እያልኩ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየሁ። አልነበረችም።

ክፉም ይሁን ደግ ጻፉልኝ።

ጵርስቅላ


ሞርሲቶ፣ መስከረም 21 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለጵርስቅላ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመትና ለመስቀል በሰላም አደረሰሽ። በልቼ ጠግቤ፣ ጉልበቴን ፀሐይ እያስመታሁ ነው የምጽፍልሽ።

ደብዳቤውን ያዘገየችው ሮማን ናት። "ሥራውን ይዤ አንድ ነገር ሳልሠራ አትጻፍላት፤ ራሴ የማወራው ነገር ይኑረኝ" አለችኝ። ልጅ ካደገ በኋላ አባት ጸሐፊ ነው የሚሆነው። ትርፊት ደግሞ "ትንሽ ትጨነቅ" አለች። አሁን በቃት፤ ቆጮ ጠቅልላ ልትልክልሽ መንገደኛ እየፈለገች ነው።

አስተባባሪ ሁለት ሆነ፤ አንድ ለሀዲያ፣ አንድ ለከምባታ። አንደኛ የወጣችው ጀሚላ የምትባል የሀቢቾ ልጅ ናት፤ በመጀመሪያው ዙር መብራት ሄዶባት በጨለማ ስላወራች "ዝግጅት ይጎድላታል" ተብላ ነበር። የእኛዋ ሁለተኛ። በስድስተኛ ክፍሉ ልክ ማለት ነው፤ አሁን ግን የቀነሰባት የለም። የትርፊት አገር አንጋጫ ተመደበች። ቋንቋውን ከእናቷ ስለያዘችው የመጀመሪያ ቀን ባልቴቶቹን አስቃ ተመለሰች። የፓስፖርቱን ፎቶ ለመታወቂያዋ ተጠቀመችበት።

አሁን የምነግርሽ ሙክታር የነገረኝን ነው። ባለፈው ሳምንት ለገጠር የሚወጡ ሠራተኞች ይቀጠሩ ነበር። መንገዱ በጎርፍ ስለተቆረጠ ሮማን ከአንጋጫ ሆና በኮምፒውተር ትጠይቃለች፤ ነጥብ ሰጪዎቹ ሌላ ቦታ ሆነው በጆሮ ብቻ ይሰማሉ። ሙክታር ቤት የተቀመጡት ተጠያቂ አቶ ቃሲም የሚባሉ ጡረታ የወጡ የጤና ረዳት ናቸው፤ ስልሳ ሊሞላቸው ነው፤ ካሜራ ፊት ተቀምጠው አያውቁም። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። መስመሩ ሲከፈት የሮማን ፊት መጣ፣ አየቻቸው፣ ፊቷ ጠፋ። የመጣው ቀበቶዋና አንገቷ ላይ ያለው መታወቂያ ነው።

አቶ ቃሲም ምን ሆነች አላሉም። እሳቸውም ብድግ አሉና "ኧረ በአላህ፣ ተቀመጪ ልጄ" አሏት። "መጀመሪያ እርስዎ" አለች። ሙክታር በሁለቱም በኩል ሆድ ብቻ እያየ እስኪቀመጡ ጠበቀ። ከዚያ ካሜራውን ዘጋችና ጥያቄዋን ጀመረች።

ለሮማን "እንዴት ነው ነገሩ?" ብላት "ሰው የምመርጠው በጆሮ ነው፤ ሰላም የምለው ግን እንዳሳደግከኝ ነው" አለችኝ። ይህንንም ጻፍላት አለች። ለአንቺ ነው።

ስትመጪ በሩ ክፍት ነው፤ ስትገቢም ብድግ ብለን እንቀበልሻለን። እስከዚያው የድንግል ልጅ በመንገድሽ ሁሉ ይቅደምልሽ።

አጎትሽ ሽፈራው

የኮቱን ቁልፍ ትርፊት ሰፍታዋለች። ቀለሙ ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም። ስታይው ነጥብ እንዳትቀንሺብኝ።